በእማማ ቁመት

እንፋሎት የሚሏት ሴትዮ ዕድሜዋን የጨረሰችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከውሃ ማፍያው ቦይለር ሥር ነው። ቅጽል ስሙ ከሥራዋ ይምጣ ከአፏ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። አፏ ሲከፈት ያቃጥላልና ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ ልጅ ነበረቻት። ቁመቱን ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ፣ የበር ጉበን በግንባሯ እየገጨች ያደገች ልጅ። እናትየው ከብብቷ አታልፍም፤ ስለዚህ "ቀጭኔ" ትላት ነበር፤ ስትቆጣም፣ ስታቆላምጥም ያው ቀጭኔ። ልጅቷ ግንባሯ መቆሳሰሉ ሲሰለቻት አንድ ልማድ አወጣች፦ በር ባየች ቁጥር አንድ እጇን አናቷ ላይ ጭና ጎንበስ ማለት። በሩ ዝሆን የሚያሳልፍ ቢሆንም ግድ የላትም፣ ትጎነበሳለች።

ተማረችና የኃይል ማመንጫ ነዳፊ ሆነች። ያውም ብረት ሳትነካ። ዓይኗ ላይ በኮምፒውተር የተሣለውን የሚያሳይ ጥቁር መነጽር ትደፋና ባዶ ክፍል መሀል እየዞረች ገና ያልተሠራ ማመንጫ ውስጥ ትመላለሳለች። ቧንቧው በየት ይለፍ፣ መክፈቻና መዝጊያው ቫልቭ የት ይሁን፣ ሰው በዚህ ያልፋል ወይስ ይጋጫል፤ ሥራዋ ይኸው ነው።

"አንድ ቀን ነይና እይው፣ እማዬ" ትላለች።

"ዓይኔን ተሸፍኜ እንደ ጋሪ ፈረስ? አንቺ አየር ላይ ቧንቧሽን ቀጥዪ። እኔ ልብስ አጥፋለሁ።"

አንድ ቀን የተባለው ሳይመጣ፣ ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። በዚያው ቀረች።

ድንኳኑ ተነቅሎ፣ አልቃሹም ወደየቤቱ ተበትኖ ዝም ሲል፣ ከመሥሪያ ቤቷ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ቀጭኔ መነጽሩን አድርጋ ስትዘዋወር እንቅስቃሴዋ ይቀዳ ነበር አለች። ንድፉ አልቆ ለባለቤቱ ሊሰጥ ነው፤ ሲሰጥ ቅጂው ሁሉ እንዲጠፋ ውል አለ። "ነገ ይጠፋል፣ እትዬ። ማየት ከፈለጉ ዛሬ ነው።"

እንፋሎት ቀሚሷን ቀየረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያንን ቁመት ቀና ብላ አንዴ ማየት። ሳጥን ውስጥ የተጋደመ ቁመት፣ ቁመት አይደለም።

ክፍሉ ምንጣፍና አንድ ወንበር፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተር ያለበት ጠረጴዛ፤ ሌላ ምንም የለውም። ባልደረባዋ መነጽሩን ከኋላ እያሰረችላት፣ "ከከበደዎት ይንገሩኝ" አለች።

"ከዚህ የከበደ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። እሰሪው።"

መጀመሪያ ያው ክፍል ታያት፤ ምንጣፉም፣ ወንበሩም። ከዚያ ቧንቧው መጣ። ወንበሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ በሆዱ ውስጥ የሰው ወገብ የሚያህል ቧንቧ ገብቶ ወጣ። ጣሪያው ተገፍቶ ቦይለሩ እንደ ፎቅ ቆመ። አንዱ ቧንቧ እግሯ ሥር ተጋድሟል፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ምንም የሌለበትን ምንጣፍ ተሻገረችው። ባልደረባዋ ሳቋን ለማፈን ሳል ሳል አለች።

"ሳቂ እንጂ፤ አልነክስሽም።"

"አሁን እሷን ላምጣት?"

እንፋሎት ሻሿን አስተካከለች፤ የሚያያት ያለ ይመስል። ከዚያ ቀና አለች፤ የልጇ ፊት ወደሚሆንበት ከፍታ። እዚያ ያለው የቦይለሩ ሆድ ብቻ ነው። ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ቢጫ የራስ ቁርና ከሥሩ ሁለት ግራጫ እጆች፣ ልክ በእሷ በእንፋሎት ቁመት ተንሳፍፈው አገኘቻቸው።

"ይቺ ማናት?"

"እሷ ናት፣ እትዬ።"

"ቀሪውን የት ጣላችሁት?"

"የሚቀዳው ራስና እጅ ብቻ ነው።"

"እሱን ተዪው። ይቺ ድንክ ናት። የኔ ልጅ ምሰሶ ነበረች። የሌላ ሰው ልጅ ነው ያመጣሽብኝ፤ ፍቺልኝ።" እጇን ወደ መነጽሩ ማሰሪያ ሰደደች።

ይሄኔ የራስ ቁሩ ተንቀሳቀሰ። መተላለፊያውን አቋርጦ ወደሚያልፍ ቧንቧ ሄደ። ቧንቧው ከቁሩ አንድ ክንድ ከፍ ይላል፤ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ቁሩ ግን እዚያ ሲደርስ ቆመ። አንዱ እጅ ተነሥቶ አናቱ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ አለፈ።

የእንፋሎት እጅ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ድንክ ሰው እዚያ ጋ አይጎነበስም። እንዲህ የምትጎነበስ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷንም አፈር አልብሳ ነው የመጣችው።

"ምን አድርጋችሁ አሳጠራችኋት?" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነ።

"እኛ አይደለንም፤ ራሷ ናት። እዚህ ቁመት ከፍና ዝቅ ይደረጋል። እሷ ሁልጊዜ የምትገባው በእርስዎ ቁመት ነው፤ 'እማማ' ብላ ሰይማዋለች። አሁን ማንም ነድፎ ሲጨርስ 'በእማማ ታይቷል?' እንባባላለን። በእማማ ካልታየ አያልፍም።" ወደ ኮምፒውተሩ ዞራም፣ "ድምፅም አለው። ላሰማዎት?"

እንፋሎት ራሷን ነቀነቀች። ከፈተችው።

"ይሄ ቫልቭ ከፍ ብሏል" አለች ቀጭኔ፣ ከእናቷ ጆሮ ሥር ሆና። "እማዬ አትደርስበትም። ዝቅ አድርጉት። ባልዲ ደፍታ እንድትወጣ አልፈልግም።"

እንፋሎት ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ያዘች። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ቆዳው እንደ ወተት ስልባቦት የተጨማደደ ነው። የማጠቢያው ክፍል ቫልቭ ለረጃጅም ወንዶች የተሠራ ነበር፤ ባልዲ ደፍታ እየወጣች ስትዘጋው፣ አንድ ቀን ባልዲው ከዳትና ክንዷ የጋለው ቧንቧ ላይ አረፈ። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ጠባሳውን በጣቷ እየዳበሰች፣ "አሁንም ያቃጥላል?" ትል ነበር። "እሱ አያቃጥልም፤ እኔ ነኝ የማቃጥለው፣ ሂጂ ተኚ" ትላታለች። እንፋሎት፣ ልጇ ረስታዋለች ብላ ነበር።

"ቁመቷን መልሺላት።"

"እትዬ?"

"የራሷን። ቀና ብዬ ልያት።"

"ልኩን አላውቀውም እኮ።"

እንፋሎት በእግር ጣቶቿ ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "ኮሌታዋን ሳስተካክልላት እጄ እዚህ ጋ ነው የሚደርሰው። ከዚህ በላይ አንገትና ፊት ጨምሪ።"

የራስ ቁሩ ከፍ አለ። ከፍ አለና ቆመ። አዎ፣ እዚያ ነው። እንፋሎት ቀና ብላ አየች። ማጅራቷን አመማት፤ ማመሙ ደስ አላት።

ቅጂው ግን መሄዱን አላቆመም። እጆቹ ቫልቩን ሊይዙ ተዘረጉ። ራሱ ሲነሣ እጆቹም አብረው ተነሥተዋልና ቫልቩ ከሥራቸው ቀርቷል። ጣቶቹ ባዶ አየር ጨበጡ። በትዕግሥት አዞሩት፣ ደግመው አዞሩት። ታች ያለው ቀይ መዘውር ፍንክች አላለም።

እንፋሎት ቀና ያለ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

"መልሺያት" አለች።

"ወደ እማማ?"

"ወደ እማማ። ሥራዋን ትጨርስ።"

ቁሩ ወረደ። እጆቹ መዘውሩን አገኙት፤ ዞረ።

"ነገ የሚጠፋው ምኑ ነው?"

"ቅጂው። እሷ።"

"እማማስ?"

"እማማ ትቀራለች። ለሚቀጥለው ሥራ እንጠቀምባታለን።"

"እዚህም እሷ ሄዳ እኔ ቀረሁ በያ።"

ከጠረጴዛው በኩል የታፈነ ሳግ ተሰማ።

"አንቺ ደግሞ አታልቅሺብኝ። ማሽኑን የሚነካ ሰው ያስፈልገናል። ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።"

ባልደረባዋ ደገመችው። በዚህኛው ዙር እንፋሎት ዳር ቆማ አላየችም፤ ሄዳ የራስ ቁሩ ያለበት ቦታ ላይ ቆመች። ቁሩ ከዓይኗ ጠፋ፤ ራሷ ውስጥ ገብቷል። ግራጫዎቹ እጆች ከገዛ እጅጌዋ የወጡ መሰሉ። አብራቸው ተራመደች። መተላለፊያው ላይ ካለው ቧንቧ ሲደርሱ አንዱ እጅ ወደ አናት ተነሣ። እንፋሎትም ጠባሳ ያለበትን ክንዷን አንሥታ መዳፏን አናቷ ላይ ጫነችና ጎንበስ አለች።

ቧንቧው ከአናቷ አንድ ክንድ ከፍ ይል ነበር።