ያልበቀለው ጎመን

በሁዳዴ አርብ ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የተሾመችን ጎመን ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሲበስል የማይመር፣ ከአማቷ የቀረ ዘር ነው። ከእሷ ጓሮ ሌላ የትም የለም። እንዳይኖርም አድርጋለች።

አምና ጎረቤቷ ዓለምጸሐይ "እቴ፣ ከዚያ ከጎመንሽ ዘር ቆንጠር አድርጊልኝ" ስትላት እንቢ ማለት አፈረች። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣ ስትሸጥ ግን ታየቻት። ስለዚህ ፍሬውን ብረት ምጣድ ላይ ጣል አድርጋ፣ መልኩ ሳይለወጥ መለስ ቀለስ አድርጋ አምሳ፣ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት። ዓለምጸሐይ መርቃት ሄደች።

አልበቀለም። "የኔ እጅ ጎመን አይወጣለትም፣ ምን ይደረግ" ብላ ተወችው።

ዘንድሮ ነጭ ቢራቢሮ የተሾመችን ጓሮ ስትዞር ቀድማ ያየቻት ዓለምጸሐይ ናት።

"ተሾመች፣ ቅጠሉን ገልብጠሽ እይው። ቢጫ እንቁላል ጥላበታለች፤ በጣትሽ ፍጪው።"

"ቢራቢሮ ደግሞ መቼ ጎመን በልታ ታውቃለች? አንዲት ቅጠል ያልበቀለልሽ አንቺ ታስተምሪኝ!"

በሳምንቱ ትሉ ፈላ። አመድ ብትነሰንስ፣ እየለቀመች ለዶሮ ብትጥል አልሆነም። ቅጠሉን በልቶ ጅማቱን ብቻ አስቀርቶ፣ ለዘር ወደተወቻቸው አገዳዎች ወጣ፤ አበባውንም እንቡጡንም ጨረሰው። የነበራትን ፍሬ ዘርታው ስለነበር ቤቷ ውስጥ አንዲት አልቀረቻትም።

ዓለምጸሐይ ይህን ስትሰማ ቋጠሮ ይዛ መጣች።

"አምና ግማሹን አስቀምጬው ነበር፤ እጄ ጸባዩን ሲያሳምር ብዬ" አለች እየሳቀች። "እንኪ፣ ያንቺው ነው።"

ተሾመች ጨርቁን አወቀችው። ሳታምሰው ሰጥታት ቢሆን፣ ይኸኔ የአማቷ ዘር በደህና ከአጥሩ ማዶ ነበር። ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረባት፤ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች እንጂ።

ዓለምጸሐይ አጠገቧ ቆማ እያየቻት፣ ተሾመች መደብ ቆፍራ ዘራችው። ጠዋት ጠዋትም ከወንዝ እየቀዳች አጠጣችው። ዓለምጸሐይ የራሷን ጀሪካን ሞልታ ታግዛታለች።

"ብቅ አለ?"

"አላለም።"

በአሥራ አምስተኛው ቀን ዓለምጸሐይ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አፈሩን ጫር አደረገችው።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት መሰለኝ። ዓመቱን ሙሉ ከምድጃው በላይ ጭስ ውስጥ ሰቅዬው... ያን የመሰለ ዘር! ይቅር በይኝ፣ ተሾመች።"

ተሾመችም አጠገቧ ተቀመጠች።

"ጭስ አይደለም። አምና ሳልሰጥሽ በፊት ምጣድ ላይ አምሼዋለሁ። እንዳይበቅልልሽ።"

ዓለምጸሐይ የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገችና መዳፏን ገልብጣ እያየች ቆየች፤ ዓመት ሙሉ የሰደበችውን እጅ። ከዚያ ተነሥታ ጀሪካኗን አነሳች። ውሃው ከግማሽ በላይ ነበር። ይዛው ሄደች።