መንገድ የሚለቀው ሰው

ወንድሜን የገደለው ሰው ከእኛ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ነበር የሚኖረው። ይህን ለእንግዳ ሰው ስናገር ይደነግጣል፤ ሰቆጣ ላይ በድሮው የሹም ግቢ ለተወለደ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። ገብረ ጻድቅና ወንድሜ አንዷለም ሠርግ ቤት ተጣሉ፤ ወንድሜ በዚያው ቀረ። ሰውየው ታስሮ ሲፈታ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም አደረቁ። መግቢያ ሌላ ቤት ስላልነበረው አንድ ነገር አስማሉት፦ እናቴን መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር መንገድ ሊለቅላት፣ እስክታልፍም ፊቱን አዙሮ ሊቆም።

ቆመም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ በግቢው ጠባብ መተላለፊያ እናቴ ብቅ ስትል ግንቡን ተጠግቶ ይቆማል፤ ሸክም ቢኖርበት እንኳ ሳያወርድ። እናቴ ቀና ብላ ታልፋለች። እኔ ከኋላዋ ስከተል ጀርባውን አይቼ አንጀቴ ይቃጠላል። እሱ ወልዶ ከብዶ፣ ሽበት አብቅሎ፤ ወንድሜ ጢሙን ሳያበቅል።

ስለዚህ ግቢው ፈርሶ አዲስ መንደር ሊሠራ ነው ሲባል እንደ እኔ የተደሰተ አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው መሐንዲስ ማስተዋል ሰብስባ አስረዳችን። ዋናው በርና የሹሙ ግንብ ቤት ለቅርስ ይቀራሉ፤ በተቀረው ቦታ ፎቅ ቤት፣ ዛፍ፣ ሣር፤ ባጃጅም እስከ ደጃፍ ይገባል። ቤቱ ሁሉ የሚወጣው ወደ አንድ ሰፊ መንገድ ስለሆነ ሰው ከሰው ይገናኛል አለች። ይህችን ስሰማ ቢሮዋ ሄጄ፣ ሌላው ይቅር፣ ያንን ሰው ብቻ ከእኛ አርቂልን ብዬ ለመንኋት። ደግ ልጅ ናት፤ ፕላኑን ዘርግታ ፈለገችልኝ። መንደሩ ውስጥ ሩቅ የሚባል ቦታ አልተገኘም።

አዲሱ ቤት በገባን ማግስት፣ ገብረ ጻድቅ እናቴን ሲያይ እንደ ልማዱ የሚጠጋበት ግንብ ፈለገ። በሰፊው መንገድ ዳር ግንብ የለም። ወዲያ ወዲህ አለና ሣሩ ውስጥ ገብቶ፣ ችግኞቹ መሀል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ምሳው የሚባለው ጥበቃ ፊሽካውን ነፋ። አያ ገብረ ጻድቅ፣ አረንጓዴው አይረገጥም፣ ይውጡ አለው። ሽማግሌው አልተነቃነቀም። እናቴ እስክታልፍ ድረስ ፊሽካ እየተነፋበት ቆመ።

በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ችግኞቹ ደረቁ፤ የነዋሪው ኮሚቴ ጠርቶ ገሠጸው። ኮሚቴዎቹ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ ነገሩን አያውቁም። እሱም ምክንያቱን አልነገራቸውም። እኔ ደግሞ ለእሱ ጠበቃ ልቁም እንዴ? ብዙም ሳይቆይ ዕቃውን ጭኖ ጽጽቃ ከተማ ልጁ ዘንድ ገባ። እፎይ አልሁ፤ ለእናቴም የምሥራች ብዬ ነገርኋት።

እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫ አጣች። ጉልበቷን እያመማት ደረጃውን ትወርዳለች፣ እስከ በሩ ሄዳ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። የመንደሩ ሰው እንዴት አደሩ ብሏት ስልኩን እያየ ያልፋል። ምን ጠፋብሽ ስላት በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ትቆጣኛለች። በእሷ ምክንያት እኔም ሥራ መያዝ አቃተኝ፤ በመስኮት እሷን ስጠብቅ እውላለሁ። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ እስከ ማለት ደረስሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ከዚህ ሁሉ ሰው አንዷለምን የሚያውቅ አለ?» አለችኝ።

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ የነገርሁሽን ነው የምታውቂ።» ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በእኔ ልጅ ግን ያልረሳው የወጋው ነው። እሱ መንገድ ሲለቅልኝ፣ ልጅ እንደነበረኝ አንድ ሰው አወቀልኝ እላለሁ። አሁን ማን ይቆምልኛል? ሂጂና አምጪልኝ።»

ተናደድሁ። የወንድሜን ገዳይ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምንልሽ ወይ ብዬ ጮህሁባት፤ ከዚያ አለቀስሁ። እሷ አላባበለችኝም፤ ተነሥታ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ሄደች።

በማግስቱ የጽጽቃ መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ከዚያ ሰው ጋር በዕድሜዬ ቃል ተለዋውጬ አላውቅም፤ መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምጠራው ሳወጣ ሳወርድ ሄድሁ። ሽማግሌው በልጁ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ መልኬ የእናቴ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ።

ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልዞረም።

«አያ ገብረ ጻድቅ» አልሁት ለጀርባው፣ «ይመለሱ፤ እናቴ ናት የላከችኝ።»