የሙሽራዋ ፍሪዘር

«ፍሪዘሩን ወደ ፊት አምጡት! ከኋላ ምን ይሠራል? ሰው እንዲያየው እኮ ነው!» ስትል ካውሳር ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ ጮኸች።

ኢሕሳን ከታች፣ መንገዱ ላይ ቆማ የልጇን የሳብሪንን የሠርግ ዕቃ የሚጭኑትን ሰዎች ታዋክብ ነበር። የባሏ እህት ካውሳር ጮኸች ማለት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። በግብፅዋ መሐላ ከተማ የሙሽራ ዕቃ ሸራ ለብሶ አይሄድም። ክፍት ፒካፕ ላይ ተቆልሎ፣ ከበሮ እየተመታለት፣ በየመንደሩ ይዞራል፤ ሰውም በየበሩ ወጥቶ ይቆጥራል። ሙሽራዋ ሳታመጣ የቀረችው ነገር ካለ የልጅ ልጅ እስኪወለድ ሲወራ ይኖራል።

የፊተኛው መኪና ፍራሽና ምንጣፍ፣ ማንም የማይበላባቸው ሳህኖች የሚደረደሩበት የመስታወት ቁምሳጥንም ጭኗል። በኋለኛው ላይ ምድጃው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ማቀዝቀዣው አለ። ፍሪዘሩ ዛሬ ጠዋት ከሐጂ ምትወሊ ሱቅ የመጣ ነው። መጀመሪያ የታሰበ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት የካውሳር ልጅ በፍሪዘር ስትዳር ነው ነገሩ የተበላሸው።

«እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ማለት ጥሩ ነው። ይህን ያለው ሰው ግን ሴት ልጅ የዳረ አይመስልም። የኢሕሳን ባል ረሻድ ከሽመና ፋብሪካው የሚያመጣት ደሞዝ ወሩን አታጋምስም። ኢሕሳን ገበያው በር ላይ ተቀምጣ ዝኩኒና ደበርጃን እየፈለፈለች፣ ቤታቸው ሩዝ ሞልተው ለሚቀቅሉት፣ ለመፈልፈል ግን ጊዜ ለሌላቸው የቢሮ ሴቶች ትሸጣለች። እቁቡን ለምና የመጀመሪያውን ዕጣ ወስዳ ምንጣፍ አድርጋዋለች፤ አሁን የበላችውን እቁብ ትከፍላለች። የቀረውን ሁሉ ከሐጂ ምትወሊ በዱቤ አመጣች፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ምንም ባልተጻፈበት፣ ያልከፈለ በሚታሰርበት የአደራ ደረሰኝ ላይ አውራ ጣቷን አተመች። ሐጂ ቁጥሩን በኋላ ይሞሉበታል። ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚገዛው።

ሐጂ ምትወሊ ራሳቸው ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የሳብሪን እናት።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ ሐጂ።»

«የፍሪዘሩ ወረቀት ቀርቷል።»

«ያምጡት፣ ላትምልዎ።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ያንቺ ጣት በቃው፣ ስንቱን ይሸከም? እሱን ልጅቷ ትፈርምልኝ። የተማረች ናት።»

«ሳብሪን? በዛሬ ቀን? ሙሽራ ናት እኮ!»

«ፍሪዘሩስ የማን ነው? የኔ ሥጋ ነው የሚቀመጥበት?»

የኢሕሳን ዓይን ሳታስበው ወደ ታችኛው ቤት በር ሄደ። ጎረቤቷ ፍክሪያ ደፉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሌላው ሰው ሠልፉን ትጠብቃለች። ፍክሪያ ልጇን በልብስ ማጠቢያ ስትድር ባዶ ወረቀት ላይ አትማ ነበር። መክፈል ሲያቅታት ነጋዴው በሕልሟም አይታው የማታውቀውን ቁጥር ጻፈበት። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እሷ እስር ቤት ነበረች። ኢሕሳን ይህን እያወቀች ነው ያተመችው። «እኔ እንደ ፍክሪያ ዝርክርክ አይደለሁም» ብላ ነበር። ፍክሪያም በጊዜዋ ስለ ሌላ ሴት እንዲሁ ብላለች።

ሳብሪን ተጠርታ ወረደች። መዳፎቿ ላይ ያለው ሒና ገና ጥቁር ነው። ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«እማ፣ ምንም አልተጻፈበትም እኮ።»

«ሐጂ በኋላ ይጽፉበታል።»

«እሺ፣ እስኪርቢቶ ስጡኝ።»

ኢሕሳን ደነገጠች። ልጅቷ ትቆጣለች፣ ትጠይቃለች ብላ ነበር የጠበቀችው።

«ማን ሊከፍለው ነው የምትፈርሚው?»

«አንቺ ነሻ! ሌላውን ማን እየከፈለው ነው?»

ሳብሪን ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ውሃ ከቧንቧ እንደሚመጣ ሁሉ ገንዘብም ከእናቷ ይመጣል። ጥፋቱም የእናቷ ነው። ኢሕሳን ልጇን ስታሳድግ «የለም» ብላት አታውቅም። ጫማ ሲባል አለ፣ ስልክ ሲባል አለ፤ ከዚያ ሌሊቱን ዝኩኒ ስትፈለፍል ታድራለች። በስስት ያሳደገችው ኩራት አሁን ፊቷ ቆሞ እስኪርቢቶ ይጠይቃል።

«ስሚኝ ልጄ። ይሄኛው ላይ ስምሽ ነው የሚገባው። ሳይከፈል ቢቀር የሚወስዱት አንቺን ነው።»

«ለምን ሳይከፈል ይቀራል? አትከፍዪም እንዴ?»

«አልችልም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የበፊቱንም መጨረስ የምችል አይመስለኝም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የሙሽራው እናት ኡም ሁሳም ከፊተኛው መኪና ጋቢና አንገቷን አወጣች። «ኧረ ምን ሆናችሁ? ከበሮውን በሰዓት ነው እኮ የተከራየነው!»

«መጣን!» አለች ሳብሪን፤ ወደ እናቷም ተጠግታ «ሰው እያየን ነው። እማ፣ በሞቴ፣ ልፈርምና እንሂድ። ለዛሬ ብቻ!» ስትል ለመነቻት። እጇ እስኪርቢቶውን ሊቀበል ወደ ሐጂ ተዘርግቷል።

ለአንድ አፍታ ኢሕሳን ልትተዋት ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ነገር አለ፤ እስከዛሬም ያኖራት እሱ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ከልጇ እጅ ነጥቃ ለሐጂ መለሰችላቸው።

«አውርዱት» አለች ጫኞቹን።

«የቱን?»

«ፍሪዘሩን።»

«አበደች! ወንድሜን አዋረደችው!» የካውሳር ጩኸት ከላይ ወረደ። ከበሮው ቆመ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ፍክሪያ ብቻ አልሳቀችም፤ ተነሥታ ወደ ቤቷ ገባች።

ሳብሪን እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ። «በሠርጌ! ሰው ፊት! እስክሞት ይቅር አልልሽም» አለች። ዞር ብላም ሳታያት ሄዳ አማቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ሐጂ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እንግዲህ ደስ ያለሽን አድርጊ። የሌሎቹ ወረቀቶች ግን እኔ ጋ ናቸው።»

«አውቃለሁ ሐጂ። እነሱ ላይ ያለው የኔ ጣት ነው።»

ጫኞቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። «ለማውረድ ሒሳቡ ሌላ ነው፣ እትዬ» አላት አንደኛው፣ ሲጋራውን እየለኮሰ።

ሌላ ሒሳብ አልነበራትም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የመኪናውን ጎማ ረግጣ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ቀና ብሎ እያያት ተንበረከከችና ጠብቆ የታሰረውን ገመድ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፈታው ጀመር።