የቀይዋ ፍሬን

…ደግሞ ከተማው ሲደርስ የሚቀበለው ሰው የለም፣ የሚያበሽቀው ይሄ ነው፣ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ መስታወት ጭኖ፣ አንዲት ሳትሰነጠቅበት፣ ዝናቡንም ጭጋጉንም አልፎ ይደርስና መጋዘኑ በር ላይ ወረቀትህን አምጣ የሚል ዘበኛ የለም፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ ብሎ የተሳቢውን ጎን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ የሚያደርግ አውራጅ የለም፣ መሬት ላይ የተሰመረ ቢጫ መስመር ብቻ አለ፣ ቢጫው ውስጥ ገብቶ ሲቆም ተሳቢው ከነመስታወቱ ብን ይላል። አለቀ። ሥራ ተብሎ። ኮምፒውተሩ እንደ ሠርግ ቤት ይጨፍርለታል፣ ኮከብ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሌላ ጭነት፣ ሌላ ከተማ፣ ስማቸውን የማያነባቸው ከተሞች፣ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው ማዳበሪያ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ንብ ጭኖ ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ ንብ ጫን ያለው ሰው የለም።

ጨዋታውን ያመጣችለት ልጁ ናት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መክራት ነው፣ ደህናው እጁ ይሥራ፣ አእምሮው አይተኛ፣ የሚወደው ነገር ይሁን ብላ፣ ልጁም የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ኮምፒውተር ከነጠረጴዛው ወደ እሱ ክፍል አስገባችው፣ አባዬ እየው፣ ካሚዮን ነው፣ ይሄን ስትጫን ይሄዳል፣ ይሄን ስትጫን ይቆማል፣ ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ ለእሱ፣ መንዳት ያስተማራት ማን ሆነና። እሺ አላት። ምን ይበላት። ሌላ ቃል የለውም። ከሰባት ወር በፊት አንድ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ግማሽ ጎኑ ጥሎት ሄደ፣ ቀኝ እጁ፣ ቀኝ እግሩ፣ የአፉ ቀኝ፣ ንግግሩ፣ ከነንግግሩ ማንበቡና መጻፉ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ የመጣችው አንዲት ቃል ናት፣ እሺ፣ በዕድሜው ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚፈራው አፍ። ውሃ ሲጠማው እሺ፣ ሲያመው እሺ፣ ተዉኝ ሲል እሺ። ውስጡ ግን እንዳለ ነው፣ ይሄን ነው ማንም የማያውቀው፣ ውስጡ ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ይሳደባል፣ ይቀልዳል፣ በዚህ ሰፈር ከእሱ እኩል የሚያወራ የለም።

ቆይ። ምንድን ነው እሱ። ቀይዋ ናት።

ቀይዋ ካሚዮኑ ናት እንጂ፣ ሌላ ማን እንደዚያ ያስላል፣ ሰባት ወር ሙሉ ግንቡ ጥግ ቆማ፣ ጎማዋ ረግቦ፣ ጣራዋ ላይ የዛፍ ቅጠል ተከምሮ፣ እና ሰውዬው ቁልፉን እንዳዞረ ነዳጅ ይሰጣታል፣ ተው እንጂ፣ እስኪሞቃት ጠብቃት፣ አሮጊት ከአልጋዋ እንደተነሣች ሩጪ ይባላል እንዴ። የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ፣ የልጁ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይንሸራተታል፣ የግቢው በር ተከፈተ። ገዢው ነው። ዛሬ ነው የሚወስዳት። ባለፈው ሳምንት የግራ አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳትመውታል፣ ተስማምቶ ነው፣ ማንም አላስገደደውም፣ ሰውዬው የከተማ አሸዋ አመላልስባታለሁ ሲል በጆሮው ሰምቶ ነው፣ አሸዋ ጥሩ ነው፣ አሸዋ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ በአሸዋ ማንም አይሞትም ብሎ በልቡ፣ አዎ፣ እንደዚያ ብሎ ነው አውራ ጣቱን የሰጣቸው።

ገዢው ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ሳቂታ፣ እጁ የሹፌር እጅ ነው፣ ይሄን ወዶለታል፣ ጋሼ እንደምን አደሩ፣ እሺ፣ ይዣት ልሄድ ነው ይመርቁኝ፣ እሺ፣ ልጁ ከኋላው ቆማ ሊብሬውን በፕላስቲክ ታሽጋለች፣ አሸዋውን መቼ ትጀምራለህ ትለዋለች፣ ለወሬ ያህል ነው፣ እሱም፣ አሸዋውን ተውኩት እህቴ፣ የሲሚንቶ ሥራ ተገኘ፣ ከዚህ ሄጄ እጭናለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ወርጄ ሳይመሽ ቆላው ከተማ እገባለሁ።

ቁልቁለቱን።

አይሆንም፣ ስማ፣ አንተ ሰው፣ ስማኝ፣ አይሆንም፣ የኋላዋ ፍሬን አየር ያፈሳል፣ ሜዳ ላይ አታውቀውም፣ ቁልቁለት ላይ አምስት ስድስቴ ስትረግጠው ነው የሚከዳህ፣ የአየር መለኪያው መርፌ ሙሉ ነኝ ይልሃል፣ መርፌው ይዋሻል፣ ድምፁን ነው መስማት ያለብህ፣ ከመቀመጫው ሥር ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ፍስስ ሲል፣ ያኔ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ከሦስተኛው ኩርባ በፊት ሰፊው ቦታ ላይ ትቆማለህ፣ አየሩ እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ መካኒኩ ነግሮኛል፣ ይሄ ቫልቭ ካልተቀየረ ይጨርስሃል ብሎኛል፣ ዕቃው እስኪመጣ ግን ሁለት ወር ትቆማለች አለኝ፣ ሁለት ወር፣ እኔ ቆሜ አላውቅም፣ ከዚህ ጉዞ በኋላ አልኩት፣ ከዚያኛው ጉዞ በኋላ አልኩት፣ ስማኝ እንጂ

እሺ፣ አለ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አለ ገዢው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ምርቃት መስሎት ነው።

በግራ እጁ የልጁን ቀሚስ ጨምድዶ ያዘ። ሳበ። ስክሪኑን አሳያት። ምን ፈለግክ አባዬ፣ ስክሪኑን፣ ስክሪኑን እዪ፣ አዲስ ጭነት ወሰደ፣ ምን እንደሆነ አላየም፣ ብቻ ወደ ተራራው የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል፣ አራት ጊዜ ወርዶታል፣ ሁለቱም ቆመው ያያሉ፣ ገዢው እንዲያውም ሳቅ ብሎ፣ የእህቴ ልጆችም ይሄን ይጫወታሉ ይላል፣ ዝም በል፣ እይ፣ ከተራራው ጫፍ ደረሰ፣ መውረድ ጀመረ፣ የፍሬኑን ቁልፍ ተጫነ፣ ሌባ ጣቱን አንስቶ አሳያቸው፣ መልሶ ተጫነ፣ አነሳው፣ ጣቱን አየር ላይ አወዛወዘ፣ የለም፣ የለም፣ ፍሬን የለም፣ ካሚዮኑ ፈጠነ፣ ኩርባው መጣ፣ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሙሉ በሙሉ አንስቶ ገዢውን አየው፣ ዓይን ለዓይን፣ ሹፌር ሹፌርን እንደሚያየው፣ ገባህ፣ በለኝ እንጂ ገባህ፣ ካሚዮኑ አጥሩን ጥሶ ገደል ገባ፣ ተሳቢው ሦስት ጊዜ ተንከባለለ፣ ስክሪኑ ቀላ።

ይቅርታ አድርግለት፣ አለች ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶታል፣ እንደ ልጁ ነው የሚያያት። አውቃለሁ እህቴ፣ አለ ገዢው፣ እኔም ብሆን እንደዚሁ ነው የምሆነው፣ አይዞዎት ጋሼ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት። ትከሻውን ነካ አደረገው። በሞተው በኩል ነው የነካው፣ አልተሰማውም። ከዚያ እግር፣ በር፣ ሞተር፣ ቀይዋ የሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ማርሽ ስትቀይር፣ ከዚያ ምንም።

ልጁ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፣ አርባ ኮሌታ ለነገ ማድረስ አለባት፣ የስፌት መኪናው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። እሱ ተቀምጧል። ስክሪኑን አይነካም። አሁን ሰውዬው ሲሚንቶ ፋብሪካው በር ላይ ነው፣ ተራ ይዟል፣ ሁለት መኪና ቢቀድሙት ነው፣ አሁን እየጫኑለት ነው፣ አራት መቶ ኩንታል፣ ስፕሪንጓ ያቃስታል፣ ሲሚንቶ ጭነው ያን መንገድ የሚወርዱት ሁሉ እሱ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ፣ ሦስቱ እዚያው ቀርተዋል፣ ተነሣ እንግዲህ፣ ተነሥተህ በሩ ጋ ሂድ፣ መጮህ ትችላለህ፣ ጩህ፣ ጮኸ፣ የወጣው ያው ነው፣ እሺ፣ ከሚቀጥለው ክፍል፣ መጣሁ አባዬ፣ ይችን ልጨርስ፣ አለችው፣ ጨረሰች፣ ሌላዋን ጀመረች፣ አሁን ጭነቱን በሸራ ሸፍነዋል፣ ገመዱን ወጥረዋል፣ አሁን ወጥቷል፣ ሬዲዮ ከፍቷል፣ ሜዳው ላይ እንደ ልቡ እየበረረ ነው፣ ምን ዓይነት መኪና ገዛሁ እያለ፣ ደስ ብሎት።

የምሳ ሾርባውን በሳህን ይዛ ስትገባ አየችው። ሳህኑን ሳታስቀምጥ ቆመች። አገጩ ረጥቧል፣ እንባ ይሁን ምራቅ እሱም አያውቅም። አባዬ፣ አለች፣ ቀይዋ አይደለችም እንዴ፣ ሌላ ነገር ነው እንዴ ልትለኝ የፈለግከው። ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ግራ እጁን በሁለት እጅዋ ያዘች። ሆስፒታል ሳለን እንደምናደርገው እናድርግ፣ አዎ ከሆነ አንዴ ጨብጠኝ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ፣ አለችው። ያ ነገር ለካ ነበር፣ እሺ የምትለዋ ቃል የመጣች ቀን ሁሉም በደስታ አልቅሰው፣ መናገር ጀመረ ብለው፣ ረስተውት፣ እሱም ረስቶት።

አሞሃል? ሁለቴ። ርቦሃል? ሁለቴ፣ ፈጠን በይ። ስለ መኪናዋ ነው? አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አጥብቆ። እንዳትሸጥ ነበር የፈለግከው? ሁለቴ። ሰውዬው ነው? ሁለቴ። ሞተሯ? ሁለቴ። ጎማዋ? ሁለቴ፣ ልጄ፣ የኔ ልጅ፣ ያየሽውን አስቢ፣ አሳይቼሻለሁ። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ሄደ። እዚያ ቆየ። ፊቷ እንደ አቡጀዲ ጨርቅ ሲነጣ አየ።

ፍሬኗ ነው?

አንዴ።

ስልኩ የተነሣው በአራተኛው ጥሪ ነው። በመጀመሪያው ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም። በሁለተኛው ዝም። እሷ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ እሱ በሐሳቡ ይቆጥራል፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቀረው፣ ሃያ፣ ሬዲዮውን ዝጋ፣ ዝጋውና ስማ፣ ሦስተኛው ዝም፣ አሥራ አምስት፣ ከዚያ የልጁ ድምፅ፣ ወንድሜ የት ነህ፣ አሁን የት ነህ፣ ቁም፣ ባለህበት ቁም። ገመድ ላልቶበት ሊያጠብቅ ወርዶ ኖሯል። የቁልቁለቱ ጫፍ ሰባት ኪሎ ሜትር ነበር የቀረው። ፍሬኗን፣ አዎ፣ ከአባቴ ነው የሰማሁት፣ አይ፣ መናገር አይችልም፣ በእጁ ነው፣ እንዳትወርድ፣ መካኒክ ይምጣልህ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ።

ተረፈ። ሰውዬው ተረፈ። ደረቱ ውስጥ ሰባት ወር የቆመ ትንፋሽ ወጣ። በቃ፣ ተረፈ፣ አሁን መተኛት ይቻላል፣ ሾርባውን ታምጣ፣ እንዲያውም ይበላል።

ተመልሳ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እጁን ያዘች። አመሰግናለሁ አባዬ፣ የሰው ነፍስ አዳንክ፣ አለችው፣ እጁን ሳመችው፣ ከዚያ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ግን የተበላሸችው አለችው፣ እንደው ለማወቅ ያህል፣ ሰውዬው ስለጠየቃት፣ ከመታመምህ በፊት ነው? አንዴ። ብዙ በፊት? አንዴ። ዓመት ይሆነዋል? አንዴ። ሁለት? ጨበጣት። ሦስት? ጨበጣት። ያልገባት መስሎት ጭብጡን አጠበቀ፣ ከዚያ ገባው፣ የምትቆጥረው ምን እንደሆነ ገባው፣ ጣቶቿ እጁ ውስጥ ቀዝቅዘዋል።

ከባሌ ቤት ስታመጣኝ ታውቅ ነበር?

ያን ቀን፣ ፍራሿ፣ ሁለት ሻንጣዋ፣ የስፌት መኪናዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ተሳቢው ላይ የሌላ ሰው ብረት፣ እሷ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ፣ ሆዷ ሰባት ወር ሆኖት፣ አሁን ሕፃናት መዋያ የምትውለዋ ልጇ ሆዷ ውስጥ፣ አባዬ ምነው አላበህ፣ ፀሐዩ ነው፣ ከዚያ ጭንቅላቷን በሩ ላይ አስደግፋ ተኛች፣ ስድስት ወር ያልተኛች ሴት፣ አባቷ እየነዳ ስለሆነ ተኛች፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እስከ ታች ወረደ፣ ማርሽ ሰብሮ፣ የመኪናዋን ጎን ከተራራው ጋር እያፋጨ፣ እንዴት እንደያዛት እስከ ዛሬ አያውቅም፣ ነቅታ ምንድን ነው አለችው፣ ድንጋይ ነው፣ ተኚ። ተኛች። በሌላው ሳምንት ደግሞ ጭኖ ወጣ።

ሁለቴ መጨበጥ ይችላል። ሁለቴ ቢጨብጥ አለቀ፣ መካኒኩ ሞቷል፣ የሚመሰክር የለም፣ አላውቅም ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ከሁሉም የቀለለ ውሸት፣ አፍ እንኳ አይፈልግም፣ ዓይኗም እየለመነው ነው፣ ሁለቴ በለኝ እያለችው ነው፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ያለኝ አንተ ነህ የሚል ዓይን።

አንዴ ጨበጣት።

ሁለተኛዋን ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች። እኔ እኮ ተኝቼ ነበር አባዬ፣ አለች፣ ስትናገር ድምፅዋ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። ከዚያ እጅዋን ማውጣት ጀመረች፣ አልነጠቀችውም፣ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ እንዳይነቃባት የፈራችውን ሰው እንደምትተው፣ ሳህኑን አንስታ ሾርባው ቀዝቅዟል ላሙቀው አለች፣ ወጣች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ውሃ ተከፈተ፣ ውሃው ይፈሳል፣ ምንም ነገር እየታጠበበት አይደለም፣ ዝም ብሎ ይፈሳል፣ እሱም እጁን ጉልበቱ ላይ እንደተከፈተ ትቶታል፣ አይሰበስበውም፣ ከተመለሰች እንድታገኘው፣ ደግሞ የምትጠይቀው ነገር ካለ፣ ሁሉንም ይነግራታል፣ ሰፊውን ቦታ፣ ድንጋይ ነው ያላትን፣ በሌላው ሳምንት መውጣቱን፣ ብቻ እሷ ጥያቄውን ካወቀችው፣ ብቻ ከጠየቀችው፣ ውሃው ይፈሳል፣