ለፍሬን የለሽ የተላኩት ሦስት ፖድካስቶች

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የምትተኩሰው ሴት ኳስ ስትወድ ለጉድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስለሚበዛ ግን ቡድኗ ሲጫወት በዓይኗ ካየች ዓመት አልፏታል። ስለዚህ የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከትና፣ ማዳመጫውን በሻሿ ሥር ሸጉጣ፣ ስለ ኳስ የሚወራ ፖድካስት ስትሰማ ትውላለች። የክፍሉ ኃላፊ "ብቻዋን የምትስቅ ሠራተኛ ጣሉብኝ" ትላለች። የምትተኩሰው አንሶላ ላይ ግን አንድም የተጨማደደ ቦታ ስለማይገኝ ትተዋታለች።

በደጋፊዎች የስልክ ግሩፕ ውስጥ ስሟ "ካውያ" ነው። እዚያ ሁሉም በቅጽል ስሙ ነው የሚጽፈው፤ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ "ፍሬን የለሽ" የሚባል አዲስ ሰው ብቅ አለ።

"ወገን፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። መንገድ ላይ ስለምሆን ጨዋታ ያመልጠኛል። ደህና ፖድካስት የምታውቁ ጠቁሙኝ። ጩኸት ብቻ የሆነውን ተዉት፤ ጩኸት ከሞተሩ ይበቃኛል።"

ግሩፑ ሃያ የሚሆን ጠቆመው፤ አብዛኛው ጩኸት ነበር። እሷ አንሶላ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ሦስት ብቻ ጻፈችለት። የመጀመሪያው ሁለት ወንድማማቾች ከየጨዋታው በኋላ የሚሟገቱበት ነው። "ይሰዳደባሉ፣ ግን ኳስ ያውቃሉ" አለችው። ሁለተኛው የአንዲት አሠልጣኝ ትንተና ነው። "ምሳ በልተህ አትስማት፣ ድምጿ ያስተኛል።" ሦስተኛው አንድ ጡረታ የወጣ በረኛ የገቡበትን ግቦች እያነሳ ብቻውን የሚያወራበት ነው። "ይሄን ሳትቸኩል ስማው።"

"እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ ካውያ" ብሎ መለሰላት። ወንድሜ መባሏ አሳቃት፤ አላረመችውም።

ከዚያ በኋላ በግል መጻጻፍ ጀመሩ። እሱ በየማደያው ሲቆም የሰማውን ይነግራታል፤ እሷ በምሳ ሰዓት ትመልስለታለች። በአጥቂው ጉዳይ ተከራከሩ፣ በአሠልጣኙ ጉዳይ ተስማሙ። ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጽሑፍ ይልቅ የድምፅ መልእክት ላከላት።

"ወንድሜ ካውያ፣ እጄ ግራሶ ስለሆነ መጻፍ አልቻልኩም። በረኛው እናቱ መሞቷን ከጨዋታው በኋላ እንዴት እንደነገሩት ሲያወራ ሰማሁ። መኪናዬን ዳር አስይዤ አለቀስኩ። የኔም እናት ያረፈች ጊዜ፣ ስልክ በማይሠራበት መንገድ ላይ ሞተር ነክሶብኝ፣ መኪናው አልነሳ ብሎኝ ሁለት ቀን ቁጭ ብያለሁ። ስደርስ ተቀብራለች። እህቴ ሰው ፊት ክፉ ተናገረችኝ። አልፈርድባትም፤ ብቻዋን አስታማ ብቻዋን ነው የቀበረቻት።"

ድምፁን ገና ከመጀመሪያው ቃል ለይታዋለች። ታናሽ ወንድሟ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለቅሶ ቤት ሲገባ፣ "ለቀብር ያልደረሰ ልጅ አሁን ምን አመጣው?" ያለችው እሷ ናት። እሱም ቦርሳውን መልሶ በትከሻው አንጠልጥሎ ወጣ። ለምን እንደዘገየ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልተናገረም። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸውና፣ እልህ ተጋብተው አንዳቸውም ሳይደውሉ ቀሩ።

ካውያዋን አጥፍታ በጓሮ በር ወደ ደረጃው ወጣች። የድምፅ መልስ ሦስት ጊዜ ቀድታ ሦስት ጊዜ ሰረዘችው። በአራተኛው፣ "እኔ ነኝ። ካውያ እኔ ነኝ። ምን እንዳገኘህ እንኳ ሳልጠይቅ ፈረድኩብህ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" አለችና ላከችው።

መልእክቱ እንደተሰማ ስልኳ አሳያት። መልስ ግን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ኃላፊዋ ሳቋ መጥፋቱን አይታ፣ "ቡድንሽ ተሸነፈ እንዴ?" ስትል ጠየቀቻት።

"ገና አልታወቀም" አለች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ዘበኛው መጣ። "አንድ ሹፌር መግቢያውን በመኪና ዘግቶብናል። አንሶላ የምትተኩሰውን እህቴን ካልጠራችሁልኝ አልነሳም ይላል።"

ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። ወንድሟ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በመኪናው ጎን ቆሟል። ከስቷል፤ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል።

"እትዬ" አላት። "ለካ ወር ሙሉ ወንድሜ ስል የከረምኩት አንቺን ነው።"

አንገቱን አቅፋ ቆመች። ሊቆጣ ተከትሏት የመጣው ዘበኛ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

"ዝም ያልኩሽ ቂም ይዤ አይደለም" አላት። "በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግኩም። ጭነቱን ደግሞ ሳላራግፍ መመለስ አልቻልኩም።"

መኪናውን ጥግ አስያዘና፣ መቀመጫው ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ወደ ኋላ ወርውሮ ቦታ ለቀቀላት። ለምሳ ያላት አርባ ደቂቃ ነው። እየተንጠራራች ጋቢናው ውስጥ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ያን ሁለት ቀን ምን በላህ? ማን ረዳህ?" አለችው። "ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"

ነገራት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለቱም አለቀሱ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሳቁ። ስትወርድ፣ እሁድ አብረው የእናታቸውን መቃብር ሊጎበኙ ተቀጣጥረው ነበር። ኃላፊዋን ፈቃድ ስትጠይቅ፣ "እሁድ ሥራ እንደሚበዛ ታውቂያለሽ" አለቻትና፣ ፊቷን አየት አድርጋ፣ "ሂጂ በቃ" አለቻት።