አሥረኛው ቁራሽ

"ዘጠኝ ነው" አለ ምናሴ፣ የወረቀት ከረጢቱን ከፍቶ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጥሮ። "የደበቅሁት ግን አሥር ነው።"

"የት የት እንዳስቀመጥክ አልጻፍክም?" አለች ልጁ ያርዴና፣ ሶፋው ሥር በደረቷ ተኝታ።

"እናትሽ መቼ ጽፋ ታውቃለች?"

"እማዬ አትረሳማ።"

የአይሁድ ፋሲካ ሳይገባ ቤቱ ከእርሾ መጽዳት አለበት። በየዓመቱ ሚስቱ አሌግራ ለፍለጋው ሥርዓት አሥር ቁራሽ ዳቦ ትደብቃለች፤ ምናሴ በዋዜማው ምሽት ሻማ ይዞ ይፈልጋል፤ ጠዋት ግቢ ውስጥ ይቃጠላል። አሌግራ በክረምቱ ሞተች። ዘንድሮ ይህ የሃይፋ ወደብ ጡረተኛ ራሱ ደባቂ ራሱ ፈላጊ ሆነና የገዛ ዳቦው ጠፋበት። ማቃጠል የሚቻለው ደግሞ ዛሬ ረፋድ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

ያርዴና ከሁለት ዓመት በፊት በኢየሱስ አምና ባሕር ውስጥ ከተጠመቀች ወዲህ በዚህ ቤት የፋሲካ ማዕድ ላይ አልተቀመጠችም። ባለፈው ማክሰኞ አባቷ ደወለላት። "ነዪ፤ ስለዚያ ሰውዬ አንድ ቃል ከተነፈስሽ ግን ሾርባሽን ሳትጨርሺ ትሄጃለሽ" አላት። ስሙን አይጠራም። እሷም እሺ አለች፤ አባቷን ብቻውን ለዚያ ጠረጴዛ መተው አልሆነላትም። አሁን ሶፋው ሥር ስትፈልግ "አሮጌውን እርሾ አስወግዱ" የሚለው የሐዋርያው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"የእማዬን ቁም ሣጥን አይተሃል?"

ያርዴና ተነሥታ ሄደችና ከፈተችው። ሰማያዊው ካፖርት ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ቁራሽ አገኘች።

"ትናንት ከፍቼው ቆሜ ነበር" አለ አባቷ በቀስታ። "ጠረኗ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም።"

ያርዴና ጉንጩን ሳመችውና "ና፣ ሰዓቱ ሳያልፍብን" አለችው።

ግቢ ውስጥ ጎረቤታቸው ፍሎራ በቆርቆሮ እሳት አንድዳ ትጠብቃለች። "አንድ ቁራሽ ዳቦ ፍለጋ ግማሽ ቀን?" አለች። "ለመሆኑ ወደብ ላይ ስንት መርከብ ጠፍቶብሃል?"

"መርከብ ኪስ ውስጥ አይገባማ" አላት ምናሴ፣ ከረጢቱን እሳቱ ላይ እየጣለ።

ወደ ቤት ተመልሰው ለማታው ማሰናዳት ጀመሩ። አሌግራ የጠለፈችው ባለ ሦስት ኪስ ጨርቅ አለ፤ ለማዕዱ የሚቀርቡት ሦስት እርሾ የሌላቸው ቂጣዎች እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ምናሴ ሁለተኛውን ቂጣ እንደያዘ ቆመ።

"ስለ መካከለኛው እናንተ የምትሉት ነገር አለ አሉ። እናትሽ ነግራኝ ነበር።"

"አባ፣ ቃል ገብቼልሃለሁ።"

"የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በፋሲካ ለጠየቀ ሰው መልስ አይነፈግም።"

ያርዴና እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ሦስት ናቸው። መካከለኛው ይሰበራል፤ ግማሹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይደበቃል። መጨረሻ ላይ ተፈልጎ ይወጣል፤ እሱን ሳይቀምስ ከማዕድ የሚነሣ የለም። እኛ... ያ እሱ ነው እንላለን።"

ሾርባውን አሰበች፤ ገና እሳት ላይ ነው። አባቷ ቂጣውን አገላብጦ አየው።

"አባቴ ግን ልጆች እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ነው የሚደበቀው ይል ነበር።"

"እሱም ልክ ነው።" ቀጥላ ጠየቀችው፣ "እማዬስ ምን አለች?"

"'ልጅህ ቢያንስ ቂጣውን ታየዋለች፤ አንተ አርባ ዓመት ሙሉ በላኸው እንጂ አላየኸውም' አለችኝ።"

ያርዴና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እናቷ በጣም ናፈቀቻት። ምናሴ እስክትረጋጋ ጠበቃት።

በዚህ ቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ቂጣ የሚደብቀው እሱ፣ የምትፈልገው እሷ ነበረች። ምናሴ ነጩን ጨርቅ ከመሳቢያ አወጣ፤ በደንብ አጥፎ እጇ ላይ አኖረው።

"እኔ መደበቅ አልሆነልኝም፣ አይተሽኛል" አለ። "ማታ አንቺ ደብቂው። እኔ እፈልገዋለሁ።"