ሁለት ቋጠሮ

አለበል እንጨት ይለቅማል ሲባል በሰፈሩ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። እንጨት መልቀም በባሕር ዳር የድኻ ሴት ሥራ ነው፤ ወገቧ እስኪጎብጥ ተሸክማ ገበያ የምትወርድ ሴት ሥራ። እሱ ግን የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ፣ ሚስቱ እሌኒም አስተማሪ፣ ሁለቱም ደመወዝተኞች ነበሩ። እንጨት አልጎደለባቸውም። ሌላው ሰው እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ጠጅ ቤት ሲገባ፣ እሱ አሮጌ ቱታውን ለብሶ፣ የሞተር መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ማታ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ሰጋቱራ ሞልቶ፣ ልጅ ይመስል ፊቱ በርቶ ይመለሳል። እሌኒ በር ላይ ታስቆመውና ልብሱን እያራገፈች፣ ሌሎች ሴቶች ባሎቻቸውን ከመጠጥ ሲጠብቁ እሷ ከግንድ መጠበቋን ትነግረዋለች።

መጋዙን ያገኘው ከአንድ ሩሲያዊ አስተማሪ ነው። ሰውየው የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የማይሠራ ዕቃ ነው ብሎ ደጅ ጥሎት ነበር። አለበል ለምኖ ወሰደው፤ ክረምቱን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። እጀታው እንደ ብስክሌት መሪ ወደ ላይ የቆመ፣ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ ከባድ መሣሪያ ነው። በነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈውን ቃል አስተማሪው «ድሩዥባ ይላል፤ ወዳጅነት ማለት ነው» ብሎ ፈቶለት ነበር። አምባቸው ይህን ሲሰማ መጋዙን «ወዳጃችን» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አምባቸው በዚያው ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ለሞተር ብስክሌቱ ከሚደርሰው ላይ እየቀነሰ ወዳጃቸውን የሚያጠጣው እሱ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ አለበል ዝም ባይ ስለሆነ ሁለቱ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

አለበል አንድ ሕግ ነበረው። ነፍስ ያለው ዛፍ አይቆርጥም። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ሲያገኝ ልጡን በሰንጢ ይፍቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ዛፉ ሕያው ነውና ሰንጢውን አጥፎ ያልፋል። ደርቆ ቡናማ ከሆነ መጋዙን ያስነሣል። በሳምንቱ መካከል በሞተር ብስክሌቱ እየዞረ እንጨት የሚያስሰው አምባቸው ስለነበር፣ በሁለቱ መካከል ምልክት ተበጀ። አምባቸው በዛፉ ላይ ከሐይቁ ዳር የሚነቅለውን የደንገል ቄጠማ ልጥ ያስራል። አንድ ቋጠሮ ከሆነ «እዚህ እንጨት አለ፣ ፍቀህ እየው» ማለት ነው። ሁለት ቋጠሮ ከሆነ «ፍቄዋለሁ፣ ደረቅ ነው» ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ አለበል ሁለት ቋጠሮ ያለበትንም ይፍቅ ነበር። አንድ ቀን አምባቸው ይህን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ የቋጠርሁትን ትፍቃለህ?» አለው። «እንግዲያ ከእኔ ጋር ምን አለህ?»

አለበል አፍሮ ሰንጢውን ከተተ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቋጠሮ ያለበትን ዛፍ ፍቆ አያውቅም።

እንጨቱን የሚለቅሙት በሐይቁ ምዕራብ ወዳለችው ቁንዝላ በሚወስደው ዳርቻ፣ እማማ የብርጓል ከሚባሉ ባልቴት ዘንድ ነው። ጨውና ሳሙና ወደ ቁንዝላ የሚያመላልሰው ነጋዴ ሙሀመድየሱፍ በብረት ጀልባው ሲያልፍ እዚያ ያወርዳቸዋል፤ ሲመለስ ከነእንጨታቸው ይጭናቸዋል። እማማ የብርጓል ባላቸው ሞቶ፣ አንድ ልጃቸው ተክለ ጊዮርጊስ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አውድማቸውን ለእንጨቱ መከመሪያ ፈቀዱላቸው፤ ከተቆረጠውም ድርሻቸው እደጃቸው ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን ግን የመጋዙን ጩኸት ሰምተው ደንግጠው ነበርና አለበል ነፍስ ያለው እንጨት እንደማይነካ ማለላቸው።

«በማን ስም ነው የምትምልልኝ?» አሉት።

«በራሴ ስም።»

ሳቁ። «በራሱ የሚምል ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ይሁን እንጂ መሐላውን ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጄ እያሉ ይጠሩት ጀመር።

ገዢው ፓርቲ በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ ሁለቱ ጓደኛሞች እንደልማዳቸው ወረዱ። አምባቸው ያን ሰሞን አሳቡ ሁሉ ቡልጋሪያ ነበር። ፋብሪካው ለትምህርት የሚልካቸው ሰዎች ሊመረጡ ነው፤ ምርጫው ደግሞ በፓርቲው ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚያልፈው። በጀልባው ላይ ስለዚያ አገር በረዶ ሲያወራ፣ ሙሀመድየሱፍ ይህን ቀጭን አንገት ይዘህ ነው ወይ በረዶ የምትገባው ብሎ አሳቃቸው።

ከባልቴቲቱ ቤት ራቅ ብሎ፣ ከማሳ ጥግ፣ አለበል አይቶት የማያውቅ ዋንዛ ቆሟል። ቀጥ ያለ፣ አንድ ሰው በጭንቅ የሚያቅፈው፣ አንድ ቅጠል እንኳ ያልቀረው። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋልና የሞተውና ያለው በዓይን አይለይም። በግንዱ ላይ ግን የደንገል ልጥ ታስሯል። አለበል ጠጋ ብሎ አየ። ሁለት ቋጠሮ ነው።

እጁ ወደ ሰንጢው ሄዶ ነበር። አምባቸው ከጎኑ ቆሞ እንደሚያየው ትዝ ሲለው መለሰው። ልጡን ከነቋጠሮው አውልቆ እንደልማዱ በኪሱ ከተተና ወዳጃቸውን አስነሣ።

ሰንሰለቱ ከግንዱ እኩሌታ ሲያልፍ ነገሩ እንግዳ ሆነበት። ደረቅ እንጨት ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ይበናል። ይህ ግን ረጥቦ ሱሪው ላይ ይለጠፋል፤ ጥሬ ጥሬ ይሸታል። መጋዙን አጥፍቶ ዞሮ ተመለከተ። አምባቸው ሐይቅ ዳር የበቀለ ዛፍ ከሞተም በኋላ ውኃ እንደሚይዝ ነገረው። ደግሞም ዛፉ እዚህ ከደረሰ በኋላ ቢተዉት በነፋስ መንገደኛ ላይ ይወድቃል። አለበል ጨረሰው። ዋንዛው ወድቆ አቧራው ሲረጋ የጫፉን ቅርንጫፍ ሰበረ፤ ከውስጡ ክር የመሰለ አረንጓዴ ወጣ።

አምባቸው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ተሳሳትሁ፣ ሌላውን ፍቄ እዚህ ላይ ቋጥሬ ይሆናል አለ። አለበል ወዲያው ሄደን ለእማማ የብርጓል እንንገር ቢል፣ ባልቴቲቱ ለተዝካር ሄደው ቤቱ ተዘግቶ ነበር። አምባቸውም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በሳምንቱ መካከል መጥቼ ይቅርታ የምጠይቅ እኔው ነኝ ብሎ ለመነው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ማን አለው እያለ አለበል እሺ አለ።

በሚቀጥለው እሑድ አምባቸው ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። አለበል ብቻውን ወደ ጀልባው ሲገባ ሙሀመድየሱፍ እየሳቀ ተቀበለው።

«ጀልባዬን ልታሰጥምልኝ ነበርኮ» አለው። «ያን ግንድ ስንት ሰው ሆነን ነው የጫንነው!»

«የቱን ግንድ?»

«ዋንዛውን ነዋ። ረቡዕ። አምባቸው አለበል ላከኝ ብሎ መጣ። ለፓርቲው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ሊሆን ነው አይደል? እኔም ለአንተ ስል በነጻ ነው የጫንሁት። መሰንጠቂያ ቤቱ በር ድረስ።»

አለበል ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሙሀመድየሱፍ ፊቱን አይቶ ሳቁን አቆመና ወደ ሞተሩ ዞረ።

እማማ የብርጓል ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የደንገል ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። እንደ ወትሮው አልተነሡለትም። አጎንብሶ እጅ ነሣና ዛፉ በስሕተት መቆረጡን ሊያስረዳቸው ጀመረ።

«ስሕተት ሦስት ጊዜ ይለምናል?» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

አለበል አልገባውም። አሮጊቷ ቀስ ብለው ነገሩት። ያ ጓደኛው ከገና በፊት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አለበል ዋንዛውን ፈልጎታል፣ ራሱ እንዳይጠይቅዎ አፍሮ ነው የላከኝ ይላቸው ነበር።

«ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አልሁት» አሉ። «ያን ዛፍ ተክለ ጊዮርጊስ ገና ዳዴ ሲል አባቱ ነው የተከለው። ለጎጆ መውጫው በርና አልጋ ይሆነዋል ብሎ። ይኸን ለአለበል ንገርልኝ፣ እሱ ያውቅልኛል ብዬ ነው የመለስሁት። አንተ መጋዝህን ይዘህ መጣህ።»

«እኔ አልላክሁትም፣ እማማ። ያልሁትም ነገር የለ።»

«በራስህ ስም ምለህልኝ ነበር» አሉና ወደ ምንጣፋቸው ተመለሱ።

አለበል በአውድማው ላይ የተከመረውን እንጨት አልነካም። ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሰኞ ጧት ግምጃ ቤት ሲደርስ አምባቸው ብቻውን ነበር። አለበል የደንገሉን ልጥ ከኪሱ አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አኖረ። መጮኽ አይችልበትም፤ የሰማውን ብቻ ባጭሩ ነገረው። አምባቸው አልካደም። ልጡን አንሥቶ በጣቶቹ እያገላበጠ፣ አሮጊት አንድ ዛፍ አቅፋ ብትቀመጥ ለማን ይጠቅማል፣ ልጁ ይመለስ አይመለስ ማን ያውቃል እያለ በለዘበ ድምፅ አወራለት። ቢነግረው ኖሮ አለበል እንደማይቆርጥ ያውቃል። ስለዚህ አልነገረውም።

«ደግሞ ብቻዬን አልበላሁትም» አለ። «ጠረጴዛው የአምባቸውና የአለበል ስጦታ ነው ተብሎ ነው የተመዘገበ። ቅዳሜ በስብሰባ ላይ ሲጨበጨብ ስምህ ተጠርቷል። አንተ እንጨትህን ስትፈልጥ እኔ ላንተም አስቤ ነበር።»

«ሁለት ቋጠሮ ቋጠርህ» አለው አለበል። «አውቀህ።»

አምባቸው ልጡን ዘርግቶ አሳየው። ሲያወራ ጣቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ቋጠሮ የለም።

«አንድ ነው» አለ። «አንድ ከሆነ ደግሞ ፍቀህ ቁረጥ ነው። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ለምን አልፋቅህም?»

አለበል ልጡን ከእጁ ተቀብሎ ወጣ። የሚከስስበት ቦታ አልነበረውም፤ የፓርቲውን ጠረጴዛ ማን ዘንድ ይከስሳል? ከክሱ ይልቅ ያቃጠለው ግን ያ ፊት ነበር። በጀልባ ላይ የሚያስቀው፣ ቤንዚኑን የሚያካፍለው፣ ለአለበል ልጆች ሸንኮራ የሚያመጣው ያው ፊት ነው፤ አንዳች አልተለወጠም። እቤት ሲገባ እሌኒ ነገሩን ሰምታ «ያመኑት ፈረስ» ብላ ጀመረች። እባክሽ አትጨርሺው አላት። መጋዙን በጆንያው እንደተጠቀለለ አልጋ ሥር አስገባው።

እሑድ በሙሀመድየሱፍ ጀልባ ያለ መጋዝ ሄደ። ሙሀመድየሱፍ ስለ ግንዱ አላህ ይቅር ይበለኝ አለው። እማማ የብርጓል ከዚያው ቦታ፣ ከዚያው ምንጣፍ ላይ ነበሩ። አለበል ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ የቋጠሮውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ። አንድ ቋጠሮ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰንጢውን ለምን እንደመለሰ። ከዚያም ልጡን ሰጣቸው። አንድ ቋጠሮ ብቻ ያለበት ማስረጃ ይዞ መቅረቡ ራሱን አሳፈረው፤ ሌላ ግን አልነበረውም።

ባልቴቲቱ ልጡን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ደንገል ሲሠሩ የኖሩ ጣቶች አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ልጡ እዚያ ላይ ተጠማዝዞ፣ ተጨማድዶ ደርቋል።

«እዚህም ታስሮ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

ልጡን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እሺ፣ አመንሁህ» አሉ በመጨረሻ። «ያንተው ሰው ነው ያታለለህ። ግን ልጄ መጥቶ ዋንዛዬስ ቢለኝ፣ አለበል ተታልሎ ነው ልበለው? እሱ አንተን አያውቅህ። እንጨትህን ጭነህ ሂድ። ተመልሰህ በዚህ ወደብ አትውረድብኝ።»

ልጡን መለሱለትና ምንጣፋቸውን ሳቡ። እሱም ከመሬት ተነሣ፤ እጅ ነሥቶ ወጣ። እንጨቱን ሁሉ እዚያው ተወላቸው።

ወደ ጀልባው የሚወስደው መንገድ በማሳው ጥግ ያልፋል። የዋንዛው ጉቶ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ሰጋቱራው ዙሪያውን እንደረጋ ነው። አለበል አጠገቡ ቆመ። ሙሀመድየሱፍ ከሐይቁ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠራዋል። ሰንጢውን ከኪሱ አወጣ፤ ከጉቶው ሥር ተንበርክኮ የዛፉን ልጥ በቀስታ ፋቀው።

አረንጓዴ ነበር።